ከረጢት ቁጥር አርባ አንድ

ሽንት ቤቴ በየቀኑ ይመርቀኛል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቼ ስቀመጥ መቀመጫው «እህም» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርግና «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ኤልዳና! የትናንት አሰርዎ አርባ ሁለት ግራም ነው። የጡት ካንሰር ስጋትዎ ዝቅተኛ ነው። በዚሁ ይቀጥሉ» ይለኛል። ድምፁ የሴት ነው፤ ለስለስ ያለ፣ በዕድሜው አንድም ቀን ተናዶ የማያውቅ። ከዚያ ደጄ ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ትበራለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ኤልዳና ባቄላዋን በልታለች ብሎ ያውቃል። ባቄላ መብላቴን ሰፈር እንዲያውቅልኝ ፈልጌ አላውቅም። ግን ማን ጠየቀኝ?

አሰር ማለት ያው ሆድ የማይፈጨው ነገር ነው፤ ባቄላው፣ ገብሱ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ውስጥ ያለው። ድሮ የምንበላው ስለሚርበን ነበር። አሁን፣ በሁለት ሺህ ሰማንያ አራት፣ የምንበላው መብራቷ እንድትበራ ነው። ከሠላሳ ግራም በላይ የበላች አረንጓዴ፣ ከዚያ በታች የወረደች ቀይ። ደጁ ቀይ ወደሆነ ቤት ሽማግሌ አይላክም። አሰር የሌለው ነጩ ፉርኖ ዳቦ የሚገኘው በሠርግ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ሙሽሮቹ ቀበሌ ሄደው ፈርመው ለአንድ ቀን ይወስዳሉ፣ የተረፈውን በማግስቱ ይመልሳሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ ሲጀመር መጥፎ አልነበረም። ሐኪሞቹ አሰር በደንብ የሚበሉ ሴቶች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነው አሉ። ያነሰ ነው ያሉት። እኔም አምኜ በላሁ፣ አሁንም እበላለሁ። ችግሩ ወረቀቱ ከሐኪም እጅ ወጥቶ ቀበሌ እስኪደርስ ድረስ «ያነሰ» የሚለው «የለም» ሆኖ ተነበበ። ማን እንዳነበበው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ ሁለት ቃል እነግረው ነበር።

ሥራዬ ምስር መልቀም ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቢሾፍቱ ውስጥ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ወንበር። ማሽን ሁሉን ይለቅማል፤ ግን ባሕር ማዶ ያሉ ደንበኞች ከረጢቱ ላይ «በእጅ የተለቀመ» የሚል ጽሑፍ ካላዩ አይገዙም። ስለዚህ ሃያ ሁለት ሴቶች ምስሩን እየጎተተ በሚያሳልፈው ቀበቶ ዳር ተደርድረን ማሽን የለቀመውን መልሰን እንለቅማለን። ዓይናችን ሌላ ቦታ ነው፤ የሚያየው ጣታችን ነው። ወሬ እያወራን፣ እየተሳሳቅን፣ ጣት በምስሩ ውስጥ ይሄዳል፤ ጠጠር ሲነካ ይቆማል። አእምሮ የሚሰማው ከጣት በኋላ ነው።

ግድግዳው ላይ በትልቁ «እጅ ያገኘውን ዓይን ሳያየው ቀበቶው አይነሳም» ተብሎ ተጽፏል። አንዷ ባዕድ ነገር ስታገኝ እጇን ታነሳለች፤ ቀበቶው በራሱ ይቆማል። አለቃችን ማክቤል መጥቶ «የታለ?» ይላል። የተገኘውን ከነከረጢቱ ወደ ማሽን ክፍል ወስዶ ራጅ ያስነሳል፤ ማሽኑ ቁጥር ሰጥቶ ይፈርዳል። ምስሉ ካልገባና ያገኘችው ሴት አውራ ጣቷን ካላሳረፈችበት ቀበቶው አይንቀሳቀስም፤ ማክቤል ራሱ እንኳ ማስነሳት አይችልም። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ጥርሱ ተሰብሮ ነው ይላሉ። የአንድ ሰው ጥርስ ይህን ሁሉ ሕግ አወጣ።

ያው ማሽን ማክሰኞ ከሰዓት ሴት ያያል። ከጤና ጣቢያ ደብሪቱ የምትባል ልጅ ትመጣና መጋረጃ ሰቅላ መቀየሪያውን ከ«እህል» ወደ «ሰው» ታዞረዋለች። (የእኛ ዘመን አሮጊቶች ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ናርዶስ ነን፤ ልጆቹ ደግሞ ደብሪቱና ወርቅያንሹ። ስምም ፋሽን አለው።) «እህል» ላይ ሲሆን ማሽኑ ያስቀመጡለትን ሁሉ ያያል። «ሰው» ላይ ሲሆን ግን መጀመሪያ የአሰር ነጥብ ይጠይቃል።

ኅዳር ላይ ነው፣ ገላዬን እየታጠብሁ። ሳሙናው ተንሸራቶ ሲያልፍ ጣቴ ግራ ጡቴ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ቆመ። እኔ እንኳ ስለ ሌላ ነገር እያሰብሁ ነበር፤ ጣቴ ግን ቆመ። ተመልሼ ነካሁት። አለ። ውኃው እየፈሰሰብኝ ብዙ ቆምሁ። ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ?

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድሁ።

«እትዬ፣ ነጥብዎ እኮ ግሩም ነው!» አለችኝ ደብሪቱ ፊቷ በርቶ። «አርባ ሁለት! እኔ እንኳን አልደርስም።»

«ነጥቤን ላሳይሽ አይደለም የመጣሁት። ጡቴን ነው።»

ነገርኋት። ሰሌዳዋን ነካካች፤ ፊቷ ጠፋ። «ቀጣዩ ምርመራዎ ከዓመት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስጋትዎ ዝቅተኛ ስለሆነ ማሽኑ አይከፍትልኝም።»

«እሺ ማሽኑ ይቅር። አንቺ ዳስሺው።»

«አይፈቀድልኝም። በእጅ መዳሰስ ከቀረ ቆየ፤ እጅ ይሳሳታል ተብሎ።»

«ይሄ እጅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠጠር ሲያወጣ ነው የኖረው። ተሳሳተ የተባለው መቼ ነው?»

«ይቅርታ እትዬ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ክፉ ልጅ አይደለችም። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ክፉ ብትሆን ሰድቤያት ይወጣልኝ ነበር።

ዓመት ከሁለት ወር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ናርዶስን አይቻለሁ። ናርዶስ ቀበቶው ዳር በቀኜ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ነበረች፤ ሃምሳ ግራም የምትበላ፣ ገብስ ስትቆረጥም የምትውል ሴት። እሷም እንደ እኔ አገኘች፣ እሷም እንደ እኔ ተባለች፣ ጠበቀች። ተራዋ ሳይደርስ ቀበርናት። ይህ አልበቃ ብሎ ለቅሶው ሳይነሳ ሁለት የቀበሌ ሰዎች መጥተው ድስቷን ከፍተው አዩ፣ ጓዳዋን በረበሩ፣ ልጆቿን «በድብቅ ነጭ ዳቦ ትበላ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁ። አረንጓዴ ሴት በዚህ በሽታ ስትሞት ቁጥራቸው ይበላሻላ! ምንም ሳያገኙ «ያልተመዘገበ አመጋገብ» ብለው ጻፉና ሄዱ። ድንኳኑ ሥር ተቀምጠን ሳለን የደጇ መብራት ቀይ ሆነ። ሬሳ ላይ ቀይ አበሩባት! ትልቋ ልጇ ብድግ ብላ በነጠላዋ ሸፈነችው። እኔ ያን ቀን ዝም አልሁ። ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም።

እና መላ ዘየድሁ። ሞኝ መላ ነበር፤ ግን መላ ነበር። በግራዬ የምትቀመጠው ሶልያና የወንድሟ ልጅ ሊያገባ ነው። «ያን ፉርኖ ዳቦ ደብቀሽ አምጪልኝ» አልኋት።

«አብደሻል? ቀይ ያደርጉሻል እኮ!»

«ጤነኛ ነሽ ብለው አላዩኝም። እስቲ በሽተኛ ልሁንላቸው።»

አምስት ቀን ሙሉ ጓዳዬ ተደብቄ ነጭ ዳቦ በላሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ! ዳቦው ይጣፍጣል፤ ክፉ አልናገርበትም። ሆዴ ግን ድንጋይ ሆነ። በአምስተኛው ቀን መቀመጫው ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠርጎ «ወይዘሮ ኤልዳና፣ አሰርዎ አራት ግራም ነው። አዝናለሁ» አለኝ። እሰይ አልሁ። ደጄ ቀይ በራ፤ ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ሰላምታዋን ውጣ በሯን ዘጋች። ነጠላዬን አጣፍቼ በኩራት ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ።

ደብሪቱ ሰሌዳዋን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። «እትዬ… ቀይ የሆኑት መጀመሪያ የሦስት ወር ተሃድሶ መጨረስ አለባቸው። አሰርዎ ሲስተካከል ነው ማሽኑ የሚያይዎት።» ቀጥላ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ከረጢት ፉርሽካ አውጥታ ሰጠችኝ። ፉርሽካ! እንደ ላም።

«ቆይ እስቲ ልረዳሽ» አልኋት። «አረንጓዴ ስሆን ምርመራ አያስፈልገኝም። ቀይ ስሆን መጀመሪያ ልታረም። የምታዪኝ መቼ ነው ታዲያ? ስሞት?»

ፉርሽካውን እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ትቼላት ወጣሁ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ቀበቶው እየሄደ ነው፤ የመርከብ ጭነት ስለሆነ ማክቤል ከኋላችን «ቶሎ ቶሎ እናቶቼ» እያለ ይመላለሳል። ሴቶቹ ስለ አንዲት ተዋናይት ፍቺ እየተከራከሩ ነው። ጣቴ ምስሩ ውስጥ ነበር። ድንገት ያለሁበት ሁሉ አስጠላኝ። በቀኜ የናርዶስ ወንበር ባዶውን አለ። ግድግዳው ላይ ጽሑፉ አለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሳነበው ኖሬ ገና ያን ቀን አየሁት።

እጄን አነሳሁ። ቀበቶው ቆመ።

«የታለ እትዬ?» አለ ማክቤል እየሮጠ መጥቶ።

«እዚህ ነው» አልሁና ሌላውን እጄን ጡቴ ላይ አደረግሁ።

ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ፊቴን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «እትዬ ኤልዳና፣ እባክዎ። ጭነቱ ዛሬ ካልወጣ እኮ…»

«እጅ ያገኘውን ዓይን ሳያየው ቀበቶው አይነሳም። እኔ አይደለሁም የጻፍሁት።»

ላብ አጠመቀው። ሮጦ ጠጠር ከምናስቀምጥበት ሳህን አንዷን አነሳና ወደ ማሽን ክፍል ገባ፤ ራጅ አስነስቶ ተመለሰ። «በሉ አውራ ጣትዎን ያሳርፉልኝና ይለቅ።» አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ከትቼ ጨበጥሁ። «ያገኘሁት ይሄ አይደለም» አልሁት። ክፉ ሰው አይደለም እሱም። የዚህ አገር ጣጣ ክፉ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ሁሉም እባክዎ እያለ ነው የሚቀብርሽ።

ሶልያና ተነሳች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ፊትህን አዙር አንተ» አለችው ማክቤልን። እሱም እንደተቀጣ ተማሪ ወደ ግድግዳው ዞረ። እጇን ከልብሴ ሥር አስገብታ ዳሰሰች። ጣቷ ሲቆም ተሰማኝ፤ የሶልያና ጣት ምን ላይ እንደሚቆም አውቃለሁ። ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«እኔም አግኝቻለሁ!» አለች።

«እርስዎ ደግሞ ምን አገኙ?» አለ ማክቤል ለግድግዳው።

«የእሷን።»

ከዚያ ሌላዋ መጣች። ከዚያ ሌላዋ። ተሰልፈው አንድ በአንድ መጡ፤ አንዷ እጇ ቀዝቃዛ ነው ብላ መጀመሪያ አሻሸችው። ግማሾቹ እያለቀሱ፣ አንዷ «ጡትሽ ግን አሁንም ያምራል፣ አንቺ ውሻ!» ብላ አሳቀችኝ። ዳስሰው እጃቸውን አነሱ። ሃያ አንዳቸውም አነሱ። አንዲት እንኳ «የለም» አላለችም። ማሽን ያላየውን ሃያ ሁለት እጅ አየው፤ የእኔ ሲጨመር።

ስምንት ሰዓት ላይ ደብሪቱ መጋረጃዋን ተሸክማ ገባች። የቆመ ቀበቶ፣ እጃቸውን የሰቀሉ ሴቶች፣ ግድግዳ የሚያይ አለቃ። ማክቤል ወደ እሷ ሮጠ። «እህቴ፣ አንዴ ብቻ እያቸው፤ በእናትሽ!»

«ማሽኑ እምቢ ይላላ! ቀይ ናቸው፤ ተሃድሶ አልጨረሱም…» ዞራ አየችኝ። ዓይኗን ተከተልሁት፤ በተከፈተው የማሽን ክፍል በር በኩል መቀየሪያው ላይ ነበር። እሷም አስባዋለች፤ ለማለት ነው የፈራችው።

«እህል ላይ ተዪው» አልኋት።

«እትዬ! እርስዎ እኮ ሰው ነዎት።»

«ለዛሬ ይቅርብኝ።»

ማሽን ክፍል ገብታ መጋረጃውን ሰቀለች፤ መቀየሪያውን አልነካችም። ሴቶቹ ተከትለውን በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ከረጢት የሚቀመጥበት ብረት ላይ ወጣሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ የምስር ብናኝ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ናርዶስ ትዝ አለችኝ፤ ለእሷም ይህን ብናደርግ ኖሮ። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ከዚያ ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ፣ የሽንት ቤቴ ድምፅ፣ ራሱ።

«ከረጢት ቁጥር አርባ አንድ። ባዕድ ነገር ተገኝቷል። ላይኛው ግራ፣ አሥራ አራት ሚሊሜትር። ከረጢቱ ይለይ። በሰባት ቀን ውስጥ ይከፈት።»

እኔ ማልቀስ ነበረብኝ፤ ቆይቼም አልቅሻለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን የመጣብኝ ንዴት ነው። ለሰው ዓመት ከሁለት ወር፣ ለምስር ሰባት ቀን! ከብረቱ ላይ ሳልወርድ፣ ግማሽ ራቁቴን፣ ቁጭ አልሁና መጋረጃውን ገለጥሁት።

«ሰምታችኋል? በሰባት ቀን ውስጥ ይከፈት ብሏል። በሉ ክፈቱኝ!»

ሴቶቹ ጮኹ። እልልታ ነበር ልበል ቁጣ፤ ሁለቱም ነበር። ደብሪቱ እያለቀሰች ወረቀት አወጣች፤ በእጇ፣ በእስክሪብቶ፣ ለሆስፒታል ጻፈች። ደንቡ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ይለይ የተባለ ከረጢት በሰባት ቀን ካልተከፈተ መጋዘኑ ሁሉ ይቆለፋል። ስለዚህ ማክቤል ስልክ ላይ ተጣደ፤ ለሦስት ቀን ሲለምን፣ ሲጮህ፣ ሲምል ሰማሁት። ለናርዶስ ማንም ያልጮኸውን ያህል ለመጋዘኑ ጮኸ። ግድ አልሰጠኝም። በአምስተኛው ቀን በራሱ መኪና ወስዶ ሆስፒታል ደጃፍ አደረሰኝ። በያዘው ሰሌዳ ላይ አውራ ጣቴን አሳርፌ ቀበቶውን የለቀቅሁለት እዚያ ነው።

ቀዶ ጥገና የምትሠራው ሐኪም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። «እዚህ ላይ… ምስር ይላል።»

«አዎ» አልኋት። «በእጅ የተለቀመ።»

ካንሰር ነበር። ገና ትንሽ ነው፣ አልተዛመተም አሉኝ፤ አወጡት። ዓመት ከሁለት ወር ብትጠብቂ ኖሮ ብላ ሐኪሟ ጀመረችና አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺልኝ አላልኋትም።

ቤቴ ስመለስ ደጄ ቀይ እንደበራ ጠበቀኝ፤ የቀበሌ ሰዎቹ ነጭ ዳቦ በላች፣ ታመመች፣ ይኸው ማስረጃው ብለው ጽፈዋል። አምስት ቀን የበላሁት ዳቦ አሥራ አራት ሚሊሜትር አበቀለ ማለት ነው እንግዲህ! ቢላዋ አምጥቼ መብራቷን ከነሥሯ ነቀልኋት። ሰኞ ሥራ ስገባ ጠጠር የምናስቀምጥበት ሳህን ላይ ጣልኋት። በሳምንቱ ሳህኑ ላይ ዘጠኝ መብራት ነበር። አንዷ በነጠላ የተጠቀለለች ናት፤ የናርዶስ ልጅ ነች ያመጣቻት።

ባቄላዬን ግን አልተውሁም። ባቄላው ምን አደረገኝ? ጠዋት መቀመጫው «ስጋትዎ ዝቅተኛ ነው» ሲለኝ «ዝቅተኛ እንጂ ባዶ አይደለም፤ ተማር!» እለዋለሁ። «በዚሁ ይቀጥሉ» ይለኛል። እቀጥላለሁ።

ደብሪቱ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ትመጣለች። ዓይኗን በሻርፕ አስሬ ትሪ ሙሉ ምስር አቀርብላታለሁ፤ ውስጡ ሦስት ጠጠር እደብቃለሁ። መጀመሪያ አንድም አታገኝም ነበር። «ጣትሽን አታስቸኩዪው» እላታለሁ። «ሲቆም ይነግርሻል።» አሁን ሦስቱንም ታወጣለች።

ያለፈው ማክሰኞ ወሬያችን ደርቶ ሳለ ቀበቶው ቆመ። ዞር ብዬ ሳይ ሶልያና ናት፤ አንድ እጇ ተሰቅሏል፣ ሌላው ጡቷ ላይ ነው። ማክቤል መጣ። «የታለ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደብሪቱ መጋረጃዋን መሬት ላይ ጥላ እጇን ታጥባ መጣችና ከሶልያና አጠገብ ተንበረከከች። ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ።

ከዚያ የራሷን እጅ አነሳች።